ከ«እሷ» በፊት ያለው ዝምታ

ይህን ከተማ ሥራ ያስያዝኩት እኔ ነኝ ብል ብዙም አልዋሸሁም። አሶሳ ውስጥ ቢሮ ገብቶ ወንበር የሚያሞቅ ሰው ሁሉ ወይ ማመልከቻውን እኔ ጋ አስጽፏል፣ ወይ ዲግሪውን እኔ ጋ ኮፒ አስደርጓል፣ ወይ እኔ ጋ ተሰድቧል። ቀናው እባላለሁ፤ ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ነው እንጀራዬ። ወላጆቼ በሰፈራው ጊዜ ከወሎ መጥተው እዚሁ ወለዱኝ። ቁጣዬንም አማርኛዬንም ያወረሱኝ እነሱ ናቸው፤ ሌላ ያወረሱኝ ነገር ትዝ አይለኝም።

ማመልከቻ ጽፌ ብቻ ሰው አልሸኝም። መብራት ሲጠፋ ማሽኗ ስለምትተኛ፣ ሥራ ፈላጊውን ፊት ለፊቴ አስቀምጬ የቃል ፈተና እፈትነዋለሁ። «ስለ ራስህ ንገረን»፣ «ለምን አንተን እንቅጠር»፣ «ድክመትህ ምንድን ነው»፤ የቅጥር ኮሚቴ የሚጠይቀው ያው ነው። የድክመቱ መልስ «ሥራ ከጀመርኩ ማቋረጥ አልችልም» ነው። ድክመት ይመስላል እንጂ ሙገሳ ነው፤ እሱን ብሎ የወደቀ ሰው አላጋጠመኝም።

ኢቲዳል ማመልከቻዋን ስታስጽፍ ሰሞኑን ትመላለስ ነበር፤ ለቃል ፈተናው የመጣችው እንዲህ መብራት በጠፋበት ቀን ነው። የሆሞሻ ልጅ ናት፣ ከበርታ ብሔረሰብ፣ አዋላጅ ነርስነት ተምራ የጨረሰች። የጽሑፍ ፈተና ላይ አንደኛ ትወጣለች፤ የቃሉ ላይ ትወድቃለች። ሁለት ቦታ ተወዳድራ ሁለቱም ቦታ «በራስ መተማመን ይጎድላታል» ብለው መለሷት። አሁን እዚሁ ከተማ አንድ ሆስፒታል ለማዋለጃ ክፍሉ አንድ ሰው ይፈልጋል፤ የጽሑፉን እንደ ልማዷ አልፋለች፣ የቃሉ ሐሙስ ነው።

«ይሄኛውን ከወደቅኩ ሙያውን እተዋለሁ» አለችኝ። «አባቴ ሆሞሻ ገበያ ላይ ሱቅ አለው። ስኳርና ሳሙና እሸጣለሁ።»

ይህን ስትል አላለቀሰችም፤ ያላለቀሰ ሰው ደግሞ የባሰ ያሳዝነኛል። እሺ ብዬ መነጽሬን ወደ አፍንጫዬ ጫፍ አውርጄ ኮሚቴ ሆንኩ።

«ከሌሎች አመልካቾች የምትበልጪው በምንድን ነው?»

«አላህ ያውቃል» አለች።

«ኮሚቴው የጠራው አላህን አይደለም፣ አንቺን ነው። ካንቺ ነው መስማት የሚፈልገው።»

«የራሴን መልካም በራሴ አፍ እንዴት እናገራለሁ፣ ጋሽ ቀናው? ነውር ነው እኮ።»

«ይሁና። ከሰኞ ጀምሮ ሥራ መጀመር ትችያለሽ?»

«ኢንሻአላህ።»

«'አዎ' በይ። ለነሱ ኢንሻአላህ ማለት ምናልባት ማለት ነው። አንቺ 'አዎ' ካልሽ በኋላ ደጅ ወጥተሽ ትጨምሪበታለሽ።»

አፏን በነጠላዋ ሸፍና ሳቀች። ስትስቅ ደስ ትላለች። ምን ዋጋ አለው፣ ሳቋ ከወረደ በኋላ ያው ዝምታ ነው። የልጅቱ ትልቁ ችግር አላህም ኢንሻአላህም አልነበረም፣ ዝምታው ነው። አንድ ነገር ስትጠየቅ መልሱን እያወቀችው፣ ቃሉ ረጅም መደርደሪያ ላይ የተቀመጠ ይመስል ቆም ትላለች። አንድ ዓረፍተ ነገር ትናገርና ከሚቀጥለው በፊት ደግሞ ትቆማለች። ሌላም አመል አለባት፤ ሁሉን ሰው «እርስዎ» ትላለች። እኔንስ እሺ፣ ኦቾሎኒ የምትሸጠውን ሚጢጢ ልጅ «እርስዎ፣ ስንት ነው?» ስትላት ሰምቼ በትሕትናዋ ብዛት ተገርሜ ነበር።

ከዚያ ወደ ሙያው ገባን። «እሺ፣ አንዲት እናት ከወለደች በኋላ ደሟ አልቆም ቢል ምን ታደርጊያለሽ?»

«መጀመሪያ ሰው እጠራለሁ» አለች። ቆመች። «ከዚያ የ... የእናትየዋን...» ቆመች። «የእናትየዋን ሆድ...»

ትዕግሥቴ አለቀ። እኔ ስቆጣ ጎረቤት የሚያውቀው ነገር ነው። «ኧረ በፈጠረሽ! ሰው እየደማ አንቺ ቁጭ ብለሽ ቃል ትመርጫለሽ? አፍ ያለው ጤፍ ይቆላል ሲባል አልሰማሽም? የመጣልሽን ተናገሪ!»

ቀና ብላ አየችኝ። የተሳደበ ሰው የሚታይበትን አስተያየት አይደለም ያየችኝ። እኔን አልፋ ሌላ ቦታ ያለ ነገር የምታይ ነው የመሰለኝ።

«ጋሽ ቀናው» አለች፣ «ትናንት ልጅዎ እዚህ ሲመጣ ምን አሉት?»

«ኃይለኢየሱስን? ምን አልኩት?»

«'ነይ እስቲ እናቴ፣ ነይ ሳሚኝ' አሉት።»

እውነቷን ነው፤ ብዬዋለሁ። ታዲያ ማን ልጁን እንዲህ የማይል አለ?

«ኦቾሎኒ የምትሸጠዋን ልጅ ደግሞ 'አንተ ቀልደኛ፣ ና ወዲህ' አሏት። ማሽኑን 'ዛሬ አመሏ ተነሥቷል' ይሉታል። ወንዱ ሴት ይሆናል፣ ሴቷ ወንድ ትሆናለች፣ ብረቱ ሴት ይሆናል። እርስዎ አይሳሳቱም፤ የሚሰማዎትም ሰው አይሳሳትም። በኛ ቋንቋ ግን እሱና እሷ አንድ ቃል ነው። እኔ አማርኛ ስማር ሰው ሁሉ 'እሱ' ነበር። ስረጋጋ ልዩነቱን አውቃለሁ። ስደነግጥ ነው ችግሩ።»

ከዚያ ነገረችኝ። እንደ ነገረችኝ እነግራችኋለሁ፤ ምንም አልጨምርበትም።

ተማሪ ሳለች ለልምምድ አንድ የገጠር ጤና ጣቢያ ተመድባ ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አዋላጁ አንዲትን ሴት አዋልዶ፣ ሕፃኗም እንግዴ ልጁም በሰላም ወጥተው፣ ኢቲዳልን «አንቺ እዚህ ቆዪ» ብሏት ወደ ሌላ ክፍል ሄደ። ከኢቲዳል ጎን ባለው ክፍል ደግሞ ቀርከሃ ሲቆርጥ መጥረቢያ እግሩን የመታው ሰው ተኝቷል፤ ቁስሉን ሰፍተውለት ገና ፋሻው አልደረቀም። ትንሽ ቆይቶ የሴትዮዋ ደም መጣ። እንደ ውሃ መጣ። ኢቲዳል ሁለት እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ ማህፀኗን ጨምቃ ያዘች፤ ከለቀቀች ሴትዮዋ እንደምትሞት ታውቃለች። እዚያው ቆማ ጮኸች።

«ቶሎ ድረስ፣ እሱ እየደማ ነው ብዬ ጮህኩ» አለችኝ።

አዋላጁ ሮጠ። ወደ ሰውዬው። ፋሻውን ፈታ፣ ስፌቱን አየ፣ መልሶ አሰረ።

«ሁለተኛ ጮህኩ። እሱ ሊሞት ነው፣ እሱ ሊሞት ነው አልኩ። ከዚያኛው ክፍል ሆኖ መለሰልኝ፤ 'አይቼዋለሁ፣ ደህና ነው፣ አትደንግጪ' አለኝ። ጋሽ ቀናው፣ ድምፁ በጣም የተረጋጋ ነበር። እኔን ሊያጽናና ነው።»

በመጨረሻ ደጅ የቆመው ባል የሚስቱን አልጋ በበሩ ቀዳዳ አይቶ፣ አዋላጁን በጋወኑ ጎትቶ አመጣው። አምቡላንስ ተጠርቶ ወደ ትልቅ ሆስፒታል ተወሰደች፤ ማህፀኗን አውጥተው ነፍሷን አተረፉ። የመጀመሪያ ልጇ ነበረች። ሌላ አትወልድም።

«ቶሎ ቢመጣ ኖሮ መድኃኒት ይበቃ ነበር» አለች ኢቲዳል። «አንድ ቃል ነው። አንድ ፊደል ነው የሚለያቸው። ከዚያ ቀን ወዲህ 'እሱ' ወይም 'እሷ' ከማለቴ በፊት ሰውየውን በዓይነ ሕሊናዬ አያለሁ። ፊቱን ሳላይ ቃሉን አላወጣም። 'እርስዎ' የምለውም ለትሕትና አይደለም፤ ለወንድም ለሴትም አንድ ስለሆነ አያሳስተኝም። የሚያዘገየኝ ይሄ ነው። ኮሚቴው አታውቅም ይላል።»

ገረመኝ ብል ያንሳል። ፈራሁ። ዕድሜዬን ሙሉ እንደ ጠጠር ስወረውረው የኖርኩት ቃል፣ አንዲት ልጅ እጅ ላይ የሰው ነፍስ ሆኖ ተቀምጦ አየሁት። እኔ አማርኛ አውቃለሁ ባይ ነኝ፤ የሰው ማመልከቻ በቀይ እስክሪብቶ አርማለሁ፤ አንድም ቀን ግን «እሷ» ከማለቴ በፊት የሰው ፊት በዓይኔ አልፎ አያውቅም። ልጅቱ በእያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር መሐል ቆማ የምታየው ነገር፣ እኔ ዝም ብዬ የምረግጠው ነበር። መነጽሬን አወለቅኩ። በሸሚዜ ጫፍ ጠረግኩት።

መልሼ ሳደርገው ግን ያልኳት የፈሪ ነገር ነው። «ስሚኝ የኔ ልጅ፣ ይሄን ለኮሚቴ እንዳትናገሪ።»

«'ተሳስተሽ ታውቂያለሽ?' ብለው ከጠየቁኝስ?»

«ይጠይቃሉ፤ መጠየቃቸው አይቀርም። 'ድክመቴ ሥራ ማቋረጥ አለመቻሌ ነው' ትያቸዋለሽ፣ ፈገግ ትያለሽ፣ በቃ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። በምላስሽ ሰው ልትገድዪ ነበር ብለው ነው የሚጽፉብሽ። ሐሙስ ከዚያ ክፍል ስትወጪ ሱቅ ነው የሚጠብቅሽ።»

«ሥራ ማቋረጥ... አለመቻሌ» ብላ ሞከረችው። አፏ አልታዘዝ አላት። ሌላ ጊዜ ሞከረች፣ ተወችው፣ አመስግናኝ ሄደች።

ሐሙስ ዕለት ሥራ አልሠራሁም ማለት ይቀላል። የአንዱን የልደት ካርድ ከሌላው ካርድ ጋር አጣብቄ በፕላስቲክ ለበጥኩ፤ ባለቤቱ ሲጮህብኝ መልሼ እንኳ አልጮህኩበትም። ከፈተናው ስትወጣ ትመጣለች ብዬ በሩን በሩን አያለሁ። አልመጣችም። ያለፈ ሰው ሮጦ ይመጣል፤ የወደቀ ነው በሌላ መንገድ የሚሄደው። ነግሬሽ ነበር አልኩ በልቤ፣ እልክ ይዞኝ፤ እልኩ ግን በማን ላይ እንደሆነ አላወቅኩትም።

በማግስቱ ጠዋት ሲስተር ምሥራቅ መጡ። የሆስፒታሉ የማዋለጃ ክፍል ኃላፊ ናቸው፤ ፈገግታ የሚቆጥቡ፣ እኔ እንኳ የማልቆጣቸው ሴትዮ። የእነሱ ፕሪንተር ቀለም ጨርሶ፣ በእጅ የተጻፈ ብጣሽ ወረቀት ይዘው ነው የመጡት።

«በትልልቁ ጻፍልኝ» አሉ፣ «ከሩቅ የሚነበብ ይሁን። ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ ነው።»

ወረቀቱን ተቀብዬ እጽፋለሁ ስል እጄ ቆመ። እንዲህ ይላል፦ «ተረኛ ሲረካከብም ሆነ እርዳታ ሲጠራ፣ 'እሱ'፣ 'እሷ'፣ 'እሳቸው' ማለት ከዛሬ ጀምሮ ቀርቷል። የታካሚው ስምና የአልጋው ቁጥር ይጠራ።»

«ሲስተር» አልኩ፣ «ይሄ ከየት መጣ?»

«ከአንዲት ልጅ» አሉና እንደ ልማዳቸው ሊያልፉኝ ፈልገው አልቻሉም መሰለኝ፣ ወንበር ስበው ተቀመጡ። «ትናንት ለሥራ የመጣች ልጅ ናት። 'ተሳስተሽ ታውቂያለሽ?' አልናት። ቆየች። በጣም ቆየች። ሰብሳቢው ሰዓቱን ማየት ጀመረ። ከዚያ ነገረችን። ቀናው፣ ክፍሉ ውስጥ ወረቀት የሚያገላብጥ ሰው አልነበረም። ሰብሳቢው ሊያግዛት ፈልጎ 'እንግዲህ ጥፋቱ የቋንቋ ነው ማለት ነው' አላት። ምን እንዳለችው ታውቃለህ? 'ቋንቋው አልተናገረም። የተናገርኩት እኔ ነኝ' አለችው።»

የራሷን መልካም በራሷ አፍ መናገር ነውር ነው ያለችኝ ልጅ እኮ ናት። «እኔ» የሚለው ቃል ከአፏ የሚወጣው ለዚህ ኖሯል።

ሲስተር ምሥራቅ ወንበሩን ወደ ጠረጴዛዬ አስጠጉ። «እኔ ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ የራሴን ሳስብ አደርኩ» አሉ። «አማርኛ ተወልጄበታለሁ፤ አልሳሳትም። ግን ከተረኝነት ስወጣ ስንት ቀን 'እሷን እያት' ብዬ ወጥቻለሁ? ያ ክፍል እኮ የሚያዋልድ ክፍል ነው። በየአልጋው ያለችው ሁሉ 'እሷ' ናት።»

የጽሕፈት ቁልፎቹን ትክ ብዬ እያየሁ «ልጅቱስ?» አልኩ።

«ልጅቱማ ተቀጥራለች። ማስታወቂያው ሰኞ ነው የሚወጣው፤ አፍህን ያዝ።»

አፌን ልይዝ አስቤ ነበር፣ ማርያምን። ችግሩ ሲስተር ገና ወጥተው ሳይርቁ ኢቲዳል ራሷ ገባች፤ ሻንጣዋን ይዛለች፣ ወደ ሆሞሻ ልትሄድ ነው፣ ልትሰናበተኝ። «ነገርኳቸው፣ ጋሽ ቀናው። ይቅርታ፣ ያስጠኑኝን መልስ አልመለስኩም» አለች። ከማሽኗ የወጣውን ትርፍ ወረቀት አንሥቼ ሰጠኋት። ቆማ አነበበችው፣ ጣቷን ከቃል ቃል እያስኬደች። መጨረሻው ላይ ስትደርስ ወደ መጀመሪያው ተመለሰች።

«ተቀጥረሻል» አልኳት። አፍን መያዝ ለሌላ ሰው የተሰጠ ጸጋ ነው።

«አልሐምዱሊላህ» አለች። የዘለለች እንዳይመስላችሁ። ወረቀቱን አራት ማዕዘን አጣጥፋ ከጨረሰች በኋላ ነው ቀና ያለችው። «ለኢኽላስ ላነብላት እፈልጋለሁ።»

ኢኽላስ ያቺ ሴትዮ ናት፤ የነገረችኝ ያኔ ነው ስሟን። ስሟን ኢቲዳል ራሷ ያወቀችው አምቡላንስ ላይ ሲያወጧት ከካርዱ ላይ አንብባ ነው። ከሆሞሻ ወጣ ብላ ያለች መንደር ውስጥ እንደምትኖር አጠያይቃ ደርሳበታለች፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ግን አንድ ጊዜም ሄዳ አታውቅም። ዓይኗን ማየት ፈርታ። እርዳታው ለምን እንደዘገየ ለኢኽላስ የነገራት ሰው የለም።

ሱቄን ዘግቼ አብሬያት ሄድኩ። ለምን እንደሆነ አትጠይቁኝ፤ መቅረት አልቻልኩም።

ሚኒባሱ ውስጥ ወረቀቱን እያየች ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች፤ ወደ በርታ እየተረጎመችው ነው። ትንሽ እንደሄድን ተስፋ ቆርጣ ተወችው። «አይሆንም» አለችኝ። «'እሱ ወይም እሷ አትበሉ' የሚለውን በኛ ቋንቋ ስለው 'እሱ ወይም እሱ አትበሉ' ነው የሚሆነው። የጎዳት ነገር በቋንቋዋ የለም። እንዴት ነው የምነግራት?»

ወረቀቱን ከእጇ ተቀብዬ እንደ አዲስ አነበብኩትና መለስኩላት።

ኢኽላስን ማንጎ ዛፍ ሥር አገኘናት፣ ባሚያ ለማድረቅ እየከተፈች። ትንሽ ሴት ልጅ አጠገቧ ተቀምጣ የተከተፈውን ትበትናለች። ኢኽላስ ቀና ብላ የኢቲዳልን ፊት እንዳየች አወቀቻት፤ ቢላዋው እጇ ላይ ቆመ። ኢቲዳል ሰላምታውን ሳታሳጥር ሰጠች፣ መሬት ላይ ተቀመጠች፣ ወረቀቱን ዘረጋች፤ ግን አላነበበችውም። በቋንቋቸው ብዙ ተናገረች። አንዳችም ቃል አልገባኝም፤ ሆኖም ስትጨርስ ድምፅዋ እንደ ቀጠነ፣ ኢኽላስ ደግሞ ከፊቷ ላይ ዓይኗን እንዳልነቀለች አየሁ። በኋላ ኢቲዳልን ስጠይቃት የወረቀቱን ነገር «ሰውን በስሙ ጥሩ» ብላ እንደተረጎመችላት ነገረችኝ።

ኢኽላስ ወደ እኔ ዞር አለች። እንግዳ ሳይገባው መቀመጡ ነውር ሆኖባት መሰለኝ፣ በአማርኛ ተናገረች፣ ለኢቲዳል።

«ያን ቀን አንተ ስሜን ታውቃለህ?»

ሌላ ጊዜ ቢሆን «አንቺ ነው የሚባለው» ብዬ ዘልዬ አርም ነበር። ትንፋሼን ያዝኩ።

«አላውቅም ነበር» አለች ኢቲዳል።

«ዛሬ ታውቃለህ?»

«ኢኽላስ።»

ኢኽላስ ቢላዋውን አስቀመጠች። እጇን በቀሚሷ ጠረገችና የኢቲዳልን ሁለት እጆች ያዘች፤ መዳፎቹን ገልብጣ አየቻቸው፣ ጠፍቶ የተገኘ ነገር እንደሚታይ።

«እኔም የአንተን አላውቅም» አለች። «እኔ እሞታለሁ፣ ሰው የለም፤ ይሄ እጅ ብቻ ሆዴን ይዞ አይለቅም። ሁልጊዜ ስሰግድ ዱዓ አደርግለታለሁ። ስም የለኝም፤ 'ያልለቀቀው እጅ' እላለሁ። አሁን ማን ልበል?»

የኢቲዳል እንባ የተዘረጋው ወረቀት ላይ ወረደ፤ ትንሿ ልጅ ባሚያዋን ትታ ቀና ብላ አየቻት። እኔ ልናገርላት አፌን ከፍቼ፣ የእኔ ተራ እንዳልሆነ ገብቶኝ ዘጋሁት።

«ኢቲዳል» አለች በመጨረሻ። «ኢቲዳል ነኝ።»

ኢኽላስ እንዳይጠፋባት ስሟን ደጋግማ አለችው።